የክረምት አዳሪ የቋንቋ ትምህርት ለአዋቂዎች፦ አማራጮቹን እንዴት እናወዳድር?

አንድ አዋቂ ሰው ሥራውንና ቤቱን ለሳምንታት ትቶ ቋንቋ ለመማር ሲነሣ፣ የሚቀርቡለት የክረምት ፕሮግራሞች በማስታወቂያቸው እጅግ ይመሳሰሉበታል። ሁሉም ቋንቋውን እየኖሩበት ስለ መማር ያወራሉ፤ ሁሉም ልምድ ያላቸው መምህራን እንዳሏቸው ይገልጻሉ፤ ሁሉም ሣር ላይ ተቀምጠው የሚሳሳቁ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያሳያሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ማስታወቂያው በማይነካው ሰዓት፣ ይኸውም የክፍሉ ትምህርት ካበቃ በኋላ ተማሪው እስኪተኛ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በእኔ እምነት አማራጮቹ በቅድሚያ መመዘን ያለባቸው በዚህ ነው፤ ዋጋው፣ ርቀቱና የተቋሙ ዝና ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከክፍል ውጭ ያለው ሰዓት

ሰባት ሳምንት የሚቆይ ፕሮግራምን እንውሰድ። ትምህርቱ በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሰጥ ጠቅላላው የክፍል ጊዜ 140 ሰዓት ይሆናል። ያው ተማሪ በቀን 14 ሰዓት ነቅቶ ይቆያል ብንል ደግሞ በሰባቱ ሳምንታት ውስጥ የነቃበት ጊዜ 686 ሰዓት ነው። መምህር ፊት ተቀምጦ የሚያሳልፈው እንግዲህ የጊዜውን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው 546 ሰዓት በመመገቢያ አዳራሽ፣ በመኝታ ክፍል፣ በመንገድ፣ በቤት ሥራና በጨዋታ ያልፋል። ይህን ጊዜ በሚማሩት ቋንቋ የሚሞላ ፕሮግራምና ተማሪው በለመደው ቋንቋ እንዲያሳልፈው የሚተው ፕሮግራም፣ የክፍል ሰዓታቸው እኩል ቢሆንም እንኳ የሚሰጡት ነገር እጅግ የተለያየ ነው።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ ስፓኒሽን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመልመድ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ ዓረብኛን፣ ቻይንኛን፣ ጃፓንኛን ወይም ኮሪያኛን ለመልመድ ደግሞ 2200 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልገው ይገምታል። ከዚህ አንጻር 140 የክፍል ሰዓት ብቻውን ማንንም ሩቅ አያደርስም። አንድ ክረምት ሰውን የሚለውጠው የክፍል ውጩ ጊዜ ሲደመርበት ነው።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት አለ። ባርባራ ፍሪድ፣ ኖርማን ሴጋሎዊትስና ዳን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ፈረንሳይኛ የሚማሩ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው አነጻጽረዋል። የመጀመሪያው በሀገሩ ሆኖ መደበኛ ክፍል የሚከታተል፣ ሁለተኛው ፈረንሳይ ሄዶ የሚማር፣ ሦስተኛው ደግሞ በሀገሩ በተዘጋጀ የክረምት አዳሪ ፕሮግራም በፈረንሳይኛ ብቻ የሚኖር ነበር። በንግግር ቅልጥፍና የላቀውን መሻሻል ያሳየው ፈረንሳይ የሄደው ቡድን ሳይሆን አዳሪው ነው። ምክንያቱም ከተማሪዎቹ መልስ ታይቷል፤ አዳሪዎቹ ከክፍል ውጭ በፈረንሳይኛ ያሳለፉት ሰዓት ከሁሉም የበዛ ሲሆን፣ ፈረንሳይ የሄዱት ግን ከክፍል ውጭ ከፈረንሳይኛ ይልቅ በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አሳልፈዋል። የተማሪዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ጥናቱ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ቋንቋ ይሠራል ማለት አይቻልም። ሆኖም «ቋንቋውን የምለምደው ሀገሩ ስሄድ ነው» የሚለውን ልማዳዊ እምነት እንደገና ለማጤን በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ቃል ኪዳን የሚያስገባ ካምፓስ

ከአማራጮቹ ሁሉ ጥብቁ ይህ ነው። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ ፕሮግራሙ ፍጻሜ ከሚማረው ቋንቋ በስተቀር በሌላ ላለመናገር፣ ላለመጻፍ፣ ላለማንበብና ላለማዳመጥ ቃል ይገባል። በዚህ አሠራር እጅግ የታወቀው በአሜሪካ ቨርሞንት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ ሲሆን፣ የክረምት የቋንቋ ትምህርት ቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ1915 ሊሊያን ስትሮብ በመሠረቱት የጀርመንኛ ትምህርት ቤት ተጀመሩ። ዛሬ ትምህርቱ እንደ ቋንቋው ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የሚገኘው የሳንታን ዩኒቨርሲቲም በፈረንሳይኛ ብቻ የሚኖርበት የአምስት ሳምንት ፕሮግራም ያለው ሲሆን፣ በዚያም ደንቡን ደጋግሞ የጣሰ ተማሪ ይሰናበታል።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ተማሪውን ለራሱ ፈቃድ አለመተዉ ነው። አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መፍሰሱን አላቆም ይላል። በሀገሯ የተከበረች ሐኪም የሆነች አንዲት ተማሪ ለዶርሙ ኃላፊ ይህንኑ ማስረዳት አለባት፤ ነገር ግን «ቧንቧ» የሚለውንም ሆነ «ይፈሳል» የሚለውን ቃል አታውቅም። ስለዚህ «ውኃው አልተኛም» ትላለች፤ ኃላፊው ሳይስቅ «አዎ፣ ቧንቧው ያፈሳል ማለትሽ ነው?» ብሎ ይመልሳል፤ እርሷም ቃሉን ይዛ ትደግመዋለች፣ በማግሥቱም ለክፍል ጓደኞቿ ታሪኩን ስትነግር ትጠቀምበታለች። በሌላ ፕሮግራም ቢሆን ጉዳዩ በእንግሊዝኛ በግማሽ ደቂቃ ያልቅ ነበር። የክረምቱ ትርፍ የሚገኘው በእነዚህ ጥቃቅን ችግሮች ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ያደክማል፣ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ጥሎ ይሄዳል።

ድካሙ ቀላል ነው ብዬ አላቀልለውም። በሙያው አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ድንገት እንደ ሕፃን መንተባተቡ፣ ሐሳቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ አፉ ግማሹን እንኳ ማውጣት አለመቻሉ፣ ማንነቱን የተቀማ ያህል ያስከፋዋል። በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ብቸኝነትና ራስ ምታት የተለመዱ ናቸው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ግን የቋንቋ ችሎታ እንደሌለው ማስረጃ አድርጎ አይወስደውም፤ ጊዜው ሲደርስ ያልፋል።

ጉድለቱ ደግሞ ሌላ ነው። ካምፓሱ እውነተኛ ማኅበረሰብ አይደለም። ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ የሚጨቃጨቁ ጎረቤቶችና በፍጥነት የሚናገሩ ነጋዴዎች የሉበትም፤ መምህራኑ ለተማሪ ጆሮ አስበው ነው የሚናገሩት። ከሁሉ በላይ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ስህተት ይወርሳል፤ ሁሉም የሚረዳው ስህተት ደግሞ በፍጥነት ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ፕሮግራም ውስጥ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ስንት ሰዎች ከተማሪዎች ጋር አብረው እንደሚበሉና እንደሚያድሩ ማወቅ ከመምህራኑ ዲግሪ የበለጠ ጠቃሚ ነው።

በሀገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የክረምት ትምህርት

ቋንቋው በሚነገርበት ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዘጋጁት ትምህርት ጥንታዊና የተስፋፋ ነው፤ ለምሳሌ የሃንጋሪው የደብረጸን የክረምት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሃንጋሪኛ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ የባህልና የታሪክ ገለጻ ወይም ጉብኝት፣ ማታ ነጻ ጊዜ የተለመደው ቅርጽ ነው። ቋንቋው በመንገድ ምልክት፣ በአውቶቡስ፣ በገበያና በጋዜጣ ላይ ስለሚገኝ የመስማትና የማንበብ ዕድሉ ካምፓስ ከሚሰጠው በብዙ ይሰፋል።

ችግሩ የሚጀምረው ማታ ነው። ከብዙ ሀገሮች የመጡ ተማሪዎች በአንድ ዶርም ሲገናኙ የሚግባቡበት ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት ቋንቋ ሳይሆን እንግሊዝኛ ይሆናል፤ የአንድ ሀገር ሰዎች ከበዙ ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ ይነግሣል። ዛሬ ስልክና ኮምፒዩተር ሲጨመሩበት፣ አንድ ሰው ሀገሩን ሳይለቅ ሌላ ሀገር መኖር ይችላል ማለት ነው። ይህን አማራጭ የምመክረው በቂ ንግግር ለያዘና ሰው ለመተዋወቅ ለማይፈራ፣ ወይም ከቋንቋው ባልተናነሰ ታሪኩንና ሥነ ጽሑፉን ለሚፈልግ ሰው ነው። ፍጹም ጀማሪ የሆነና ዝምተኛ ጠባይ ያለው ሰው ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሳምንታቱን ሰዋስው እየተማረ፣ ከአፉ ብዙም ሳይወጣ ሊጨርስ ይችላል።

ቤተሰብ ዘንድ ማረፍ

ሦስተኛው አማራጭ ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታ ተቀባይ ቤተሰብ ዘንድ መሆን ነው። በካናዳ ኩቤክ ትሯ ፒስቶል በተባለች ትንሽ ከተማ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የሚያካሂደው የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ተማሪዎቹ በከተማዋ ነዋሪዎች ቤት ያርፋሉ።

ይህ አማራጭ ሲሳካ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እናትየዋ ልጇን ስትቆጣ፣ አያትየው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያማርር፣ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ሂሳብ ሲከራከሩ የሚሰማው ቋንቋ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አይገኝም። ሳይሳካ ግን ከሆቴል አይሻልም፤ ቤተሰቡ ሥራ ውሎ ደክሞ ይገባል፣ እራት ለእንግዳው ለብቻው ይቀርባል፣ ወይም በአንድ ቤት አራት ተማሪዎች ተመድበው እርስ በርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ ያመሻሉ። ዕድል ይህን ያህል የሚወስንበት ሌላ አማራጭ የለም። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት በአንድ ቤት ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ ቤተሰቡ በሳምንት ስንት ጊዜ አብሮ እንደሚበላ፣ ቤቱ ካልተስማማ በስንት ቀን ውስጥ መቀየር እንደሚቻል በጽሑፍ ይጠይቁ። ለአዋቂ ሰው አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ ብዙ ተቀባይ ቤተሰቦች የለመዱት ወጣት ተማሪ ስለሆነ፣ ዕድሜዎን አስቀድመው ቢናገሩ ከእርስዎ ጋር ቁምነገር የሚያወራ የዕድሜ እኩያ ያለበት ቤት የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል።

የአንድ ሳምንት ቆይታ

ሰባት ሳምንት ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ ጥቂት ነው። ለዚህ ሲባል አጫጭር የአዋቂ ሳምንታት መኖራቸው መልካም ነው። በስኮትላንድ ስካይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ሳቫል ሞር ኦስታግ የጌሊክ አጫጭር ትምህርቶችን፣ በአየርላንድ ዶኒጎል በ1984 የተቋቋመው ኢዳስ ጌል የአይሪሽ ሳምንታትን ለአዋቂዎች ያዘጋጃሉ፤ የኋለኛው ቋንቋውን ከተራራ ጉዞ ጋር የሚያጣምርባቸው ሳምንታትም አሉት። በአሜሪካ ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚሠራው ኮንኮርዲያ የቋንቋ መንደሮች በልጆች ካምፕ ቢታወቅም ለአዋቂዎችም ፕሮግራም አለው።

አንድ ሳምንት ጀማሪን ተናጋሪ አያደርግም፤ እንደሚያደርግ የሚያስመስል ማስታወቂያ ካዩ ይራቁት። ነገር ግን ለዓመታት ብቻውን ሲያነብና ሲያዳምጥ የቆየን ሰው አፍ ይከፍታል፤ በተለይ ተናጋሪዎቹ ጥቂት የሆኑ ቋንቋዎችን የሚማር ሰው ከብጤዎቹ ጋር የሚገናኝበት ዋናው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ አንድ ሳምንት እየሄደ በመካከሉ በሳምንት ሁለት ቀን በኢንተርኔት ውይይት የሚያደርግ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሰባት ሳምንት ሄዶ ከዚያ ከተወው ሰው የተሻለ ቦታ ሊደርስ ይችላል።

ደረጃዎ ምርጫውን ይለውጣል

የአውሮፓ ምክር ቤት ከኤ1 እስከ ሲ2 በዘረዘራቸው ስድስት የቋንቋ ደረጃዎች ብንሄድ፣ ለፍጹም ጀማሪ ቃል ኪዳን ያለው ካምፓስ ይሻላል እላለሁ፤ ሁሉም እኩል ስለሚንተባተብ ኀፍረት ይቀንሳል፣ መምህራኑም ለዚያ የተዘጋጁ ናቸው። በመካከል፣ ይኸውም በቢ1 አካባቢ ያለ ሰው ከማንኛውም አማራጭ ይጠቀማል፤ ክረምት ከፍተኛ ፍሬ የሚሰጠውም በዚህ ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ ላለ ሰው የተማሪዎች ማኅበር ይጠብበዋልና ቤተሰብ ዘንድ ማረፍ ወይም ቋንቋው በሚነገርበት ሀገር በቋንቋው የሚሰጥ የሙያ ወይም የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ይሻለዋል። ሁለት ክረምት ማግኘት የሚችል ሰው መጀመሪያ ካምፓሱን፣ በቀጣዩ ዓመት ቋንቋው የሚነገርበትን ሀገር ቢመርጥ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይገነባል።

በምደባ ፈተና ላይ ራስን ከፍ አድርጎ ማሳየት ጉዳት አለው። ለሰባት ሳምንት ከአቅም በላይ በሆነ ክፍል መቀመጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ለፈተናው አጥንቶ መግባት ሳይሆን እንዳለ ሆኖ መግባት ይሻላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው።

አዋቂ በመሆን የሚመጡ ጉዳዮች

በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል የመሥሪያ ቤት ኢሜይል መመለስ ግድ ከሆነብዎ ቃል ኪዳን ያለበት ፕሮግራም አይምረጡ። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጎድላል፤ ከሥራ ነጻ የሆነ አንድ ሳምንት በሥራ ከተወረረ ወር ይሻላል። ልጆች ወይም አረጋውያን ወላጆች ያሉት ሰው ደግሞ ወደ ቤት መደወልን በሚመለከት ደንቡ ምን እንደሚል፣ በሕመምና በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ቃል ኪዳኑ እንደማያግደው ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ባልና ሚስት አብረው መመዝገባቸው ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ሆኖም መኝታ ቤታቸው ሲገቡ በቤታቸው ቋንቋ ማውራታቸው አይቀርም። አብረው ለመሄድ የቆረጡ ጥንዶች የተለያየ ክፍል፣ የተለያየ የመመገቢያ ጠረጴዛ፣ ከቻሉም የተለያየ መኝታ ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ስለ ጆሮ የሚያነሣ ሰው ብዙም አይገጥምም። ዕድሜው የገፋ ሰው ጫጫታ በበዛበት አዳራሽ ውስጥ በራሱ ቋንቋም ቢሆን ንግግር መከታተል ይቸግረዋል፤ በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ችግሩ እጥፍ ይሆናል፣ ብዙዎችም የመስማት ችግራቸውን የቋንቋ ድክመት አድርገው ይቆጥሩታል። ትናንሽ ጠረጴዛዎች ያሉበት ወይም ጸጥ ያለ የመመገቢያ ክፍል መኖሩን መጠየቅ፣ የጆሮ ምርመራም ቀደም ብሎ ማድረግ ብልህነት ነው። የመኝታ ክፍልን ከማያውቁት የሃያ ዓመት ወጣት ጋር መጋራት የማይስማማው ሰው ለብቻ ክፍል መክፈል ይችላል። ይሁን እንጂ ክፍል የሚጋራ ሰው ማታ ማታ የሚያወራው እንደሚያገኝ አይርሳ።

ዋጋን በተመለከተ ጠቅላላውን ድምር ሳይሆን በቋንቋው የሚኖሩበትን አንድ ሰዓት ዋጋ ያስሉ። ምግብ፣ መኝታ፣ መጽሐፍ፣ ኢንሹራንስና ጉብኝት በክፍያው ውስጥ መካተታቸውን ይመልከቱ፤ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት የማያስፈልገው ሰው ክሬዲት ለማይሰጥ ፕሮግራም ቢከፍል የሚያጣው ነገር ላይኖር ይችላል። ስኮላርሺፕ ለወጣቶች ብቻ ነው ብለው አይደምድሙ፤ በተለይ ለመምህራን የተመደበ ድጋፍ አንዳንድ ቦታ አለ።

ከመክፈልዎ በፊት

ለመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች ሲቀሩ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይጻፉ። እሑድ ማታ ተማሪዎች ምን እንደሚሠሩና በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ፣ መምህራን የት እንደሚበሉና የት እንደሚያድሩ፣ ደንቡን የጣሰ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት፣ በእርስዎ ደረጃ ባለፈው ክረምት ስንት ተማሪ እንደነበረና ከእነርሱ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑት ስንት እንደነበሩ ይጠይቁ። «አካባቢያችን በጣም የሚያበረታታ ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። «እሑድ ማታ ፊልም እናያለን፣ ከዚያ የዶርም ኃላፊዎች ውይይት ይመራሉ፣ አብዛኛው ተማሪ ይመጣል፣ ጥቂቶች ግን ወደ ከተማ ወርደው በእንግሊዝኛ ያመሻሉ» ብሎ የጻፈልዎ ተቋም ግን ቤቱን ያውቃል፤ ጉድለቱንም ሳይደብቅ ነግሮዎታል። እኔ ብሆን ዋጋው ትንሽ ቢወደድ እንኳ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የቀድሞ ተማሪ እንዲያገናኙዎም ይለምኑ። ሲያገኙት «ወደድኸው ወይ?» ብለው ሳይሆን «ሦስተኛው ሳምንት ላይ ረቡዕ ማታ ምን እየሠራህ ነበር?» ብለው ቢጠይቁት የበለጠ ይጠቅማል።

ከሁሉም በፊት ግን የመመለሻዎን ጊዜ ያሰናዱ። በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጀምር ቋሚ የውይይት ሰዓት፣ ከተቻለም እዚያው ከሚተዋወቁት ሰው ጋር፣ ከመሄድዎ አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይያዝ። ሰባት ሳምንት የተለማመደ አፍ ሁለት ወር ዝም ቢል ብዙ ይረሳል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ግን አብዛኛውን ይዞ ሊቆይ ይችላል።